አደንና ወቅት፦ ከነፋሱ እስከ ደም ዱካው

ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ ጓደኞቼ ስለ አደን የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጠመንጃው ነው። እኔ ግን ጥሩ አዳኝ የሚታወቀው ወቅቱ ሲለወጥ አካሄዱንም መለወጥ በመቻሉ ነው ባይ ነኝ፤ በጥር የለመደውን ይዞ በሰኔ ጫካ ለሚገባ ሰው ነገሩ ሁሉ ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ ይሆንበታል።

በበጋ ዋናው ፈተና ድምፅና ነፋስ ነው። የደረቀ ቅጠል ከእግር ሥር ሲንኮሻኮሽ ድኩላ ከሩቅ ይሰማና እንደ ውሻ ጮኾ ጫካውን በሙሉ ያስጠነቅቃል፤ ከዚያ በኋላ እዚያው ቦታ መቆየት ጊዜ ማባከን ነው። በአርሲና በባሌ ተራሮች የሚኖረው፣ ከአገራችን ውጭ የማይገኘውና ለሳይንሱ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1910 የተዋወቀው የደጋ አጋዘን ደግሞ በአስታ ቁጥቋጦና በኮሶ ዛፎች ውስጥ ስለሚውል፣ ዓይን ሳያገኘው በፊት እርሱ ጠረናችንን አሽትቶ ይለየናል። ሌሊቱን የቀዘቀዘው የተራራ አየር ማለዳ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ፀሐይ ዳገቱን ካሞቀች በኋላ ግን አቅጣጫውን ቀይሮ ሽቅብ ይነፍሳል። ስለዚህ በማለዳ ከታች ወደ ላይ፣ ረፋዱ ላይ ከላይ ወደ ታች መቅረብ ያስፈልጋል፤ አየሩ በሚዞርበት መሃል ባለው ሰዓት ደግሞ መቀመጥ ይሻላል። በቀጭን ጨርቅ የተቋጠረ አመድ ይዞ በየጥቂት እርምጃው ነካ ማድረግ የነፋሱን አቅጣጫ ወዲያው ያሳያል፤ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ እስካሁን አላየሁም።

ዝናብ ሲጥል እርጥብ ቅጠል ድምፅ ስለማያወጣ እግር ነፃ ይወጣል፤ ሣሩ ግን ያድጋል፣ ውሃም በየቦታው ስለሚገኝ እንስሳው ይበተናል። በዚህ ጊዜ መሬቱን ማንበብ ይቀድማል። ጠርዙ ያልፈረሰ፣ የዝናብ ጠብታ ያልነካው ኮቴ ዝናቡ ካባራ በኋላ የተረገጠ ነው፤ በኮቴው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ገና ድፍርስ ከሆነ ደግሞ እንስሳው ብዙ አልራቀም። በጠጡንም ሰብሮ ውስጡን ማየት ይጠቅማል፤ ላዩ ዝናብ ስላረጠበው ብቻ አዲስ ሊመስል ይችላልና።

እነዚህ ሁሉ ዋጋ የሚኖራቸው ፈቃድ ላለው ሰው ነው። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ደግሞ ጭራሽ አይነኩም።

ተኩስን በተመለከተ፣ ለአዲስ አበባ ሰው የምመክረው አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን የእንስሳት ሙዚየም ነው። ቆዳቸው ተሞልቶ የቆሙትን እንስሳት ከጎን ብቻ ሳይሆን ከፊትና ከኋላ በሰያፍ እያዩ ልብና ሳንባ ከየትኛው የትከሻ ክፍል በስተጀርባ እንደሚውሉ ማሰብ፣ በሜዳ ላይ በችኮላ ከመገመት እጅግ ይሻላል።

ጥይቱ ከወጣ በኋላ ያለው ትዕግሥት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። አረፋ ያለበት ደማቅ ደም ሳንባ መመታቱን ያመለክታል፤ እንስሳውም ሩቅ አይሄድም። ጠቆር ያለ ደም የጉበት ሊሆን ይችላል፤ ከደሙ ጋር ፈርስ ከታየ ግን የተመታው ሆድ ነውና ለሰዓታት መጠበቅ ግድ ነው። ወዲያው የተከተሉት እንደሆነ የተኛው ተነሥቶ ገደል ይገባል፤ ሥጋውም የጅብ ሲሳይ ይሆናል።

ለወፍ አደን ይህ ሁሉ ትዕግሥት አይሠራም። ቆቅም ሆነ ጅግራ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው ካልባረኩት ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ገበታ አይቀርብም፤ ስለዚህ ቢላዋው ከሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከወገብ ላይ መሆን አለበት። አንዳንድ ጓደኞቼ ሁዳዴ ከገባ በኋላ ወፍ ማደን ያቆማሉ፤ የሚበላው ሰው በሌለበት ቤት ጅግራ ይዞ መግባት ለእነርሱ ትርጉም የለውም።