ለመሄጃው የመረጥኩት ቦርድ

ዱባይ ውስጥ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ የውኃ ስፖርት ዕቃ የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ዕቃ እመርጣለሁ፣ ዊንግ እነፋለሁ፣ ሲመለስ ጨዉን አጥቤ አደርቃለሁ። አራት ዓመት ሆነኝ። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ባሕር ላይ ቀርቶብኛል።

ስፖርቱን ላላየ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ዊንግ ፎይል ይባላል። ሰውየው ቦርድ በሚባል ተንሳፋፊ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በአየር የተነፋ ክንፍ በእጁ ይይዛል። ዊንግ የምንለው እሱን ነው። እንደ ጀልባ ሸራ ከቦርዱ ጋር አልተተከለም፤ የሚሸከመው ክንድ ነው። ከቦርዱ ሥር ደግሞ 80 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዘንግ ወደ ውኃው ይወርዳል። ጫፉ ላይ ትንሽ አውሮፕላን የመሰለ ነገር አለ። ፎይሉ እሱ ነው። ቦርዱ ፍጥነት ሲያገኝ ፎይሉ ውኃ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ይገፋል፤ ቦርዱም ከውኃው ተነሥቶ ይበራል። ያኔ ማዕበሉ ቦርዱን መምታቱን ያቆማል። ጫጫታው ይጠፋል። በዓለም ላይ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ስለሆነ ገና ወጣት ስፖርት ነው። እኔ የተማርኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። በጣም እወደዋለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ግዙፍ ፈረንጅ መጣ። ደቡብ ስፔን ውስጥ ታሪፋ እንደሚጫወት ነገረኝ። ታሪፋ በነፋሷ ብርታት የታወቀች ቦታ ናት። 18 ኖት እዚያ ብርቅ አይደለም። (ኖት የነፋስና የመርከብ ፍጥነት መለኪያ ነው፤ 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።) «እዚያ የምጠቀምበትን ዓይነት ስጠኝ» አለኝ። 85 ሊትር ቦርድ (ሊትሩ የቦርዱ ይዘት ነው)፣ 850 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ፎይል፣ 5 ካሬ ሜትር ዊንግ። አነጋገሩ የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው። በእርግጥም ያውቃል። የነፋስ መለኪያዋን ከፍ አድርጌ ያዝኩ፤ 14 ኖት አለች። ባሕሩ ላይ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ይታያል። ሰጠሁት።

ሲወጣ ቆሜ አየሁት። በሦስተኛው ሙከራ ተነሣና ወደ ጥልቁ በረረ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሌላ ደንበኛ መጣ፤ ፊቴን አዞርኩ።

10 ሰዓት ተኩል ላይ ቀና ስል ነጩ አረፋ የለም። መለኪያዋን ብይዛት 9 አለች። ትንሽ ቆይታ 6። መነጽር አንሥቼ ሰውየውን ፈለግኩት። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ውኃ ላይ ተቀምጧል። ቦርዱ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ቦርዱ ግን አይታይም። ውኃው እስከ ወገቡ ደርሷል። ዊንጉ ከጎኑ ተኝቷል። ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ይህ ባሕር ላይ «እርዱኝ» ማለት ነው። ልቤ ስንጥቅ አለ።

በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። በብርዱ ወራት መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሲመሽ ነፋሱ ይዞርና ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። በዚያ ሰዓት ባሕር ላይ የቀረ ሰው ነፋሱ ወደ ዳር አያመጣውም። ይዞት ይሄዳል።

የነፍስ አድን ጀልባችንን የሚነዳው የድሬዳዋ ሰው ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነው የምለው። እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኩትና አብሬው ወጣሁ። ሞተሩን እያስነሣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«አቦ፣ ስንት ኪሎ ነው ሰውዬው?»

«አልጠየቅኩትም ጋሼ።»

ሌላ ቃል አልተናገረም። እስክንደርስ ድረስ ዓይኑን ከባሕሩ ላይ አላነሣም።

አወጣነው። አልተጎዳም፤ ክንዱ ግን ዝሎ ይንቀጠቀጣል። 96 ኪሎ እንደሆነ የነገረኝ ያኔ ነው፣ ጀልባው ላይ ፎጣ ደርቦ።

ቁጥሩ ሁሉን ይናገራል። አንድ ሊትር ቦርድ በግምት አንድ ኪሎ ያንሳፍፋል። 85 ሊትር ላይ 96 ኪሎ ሰው ወጣ። በዚያ ላይ የቦርዱና የፎይሉ የራሳቸው ክብደት አለ፣ እርጥብ ልብስ አለ። ይሰምጣል። ነፋስ ሲኖር ግድ የለም፤ ዊንጉ ሰውየውን ወደ ላይ እየጎተተ ያስነሣዋል። አንዴ ከተነሣ ደግሞ ነፋሱ ቢቀንስም መብረሩን ይቀጥላል። ሰውየውም በ9 ኖት እየበረረ ነበር፤ ራሱ ነግሮኛል። ከዚያ አንድ ጊዜ ወደቀ። ወድቆ መነሣት በአየር ላይ ከመቆየት እጅግ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ያንን ጉልበት የሚሰጠው ነፋስ አልነበረም። ዕቃውን የመረጥኩለት ለመሄጃው ነው። ስለ መመለሻው አላሰብኩም። ነፋሱ ከመምሸቱ በፊት እንደሚሞት ትንበያው ላይ ተጽፎ ነበር እኮ።

ኃላፊያችን አልጮኸብኝም። የኪራይ ቅጹን ወደኔ አዞረና «ክብደት» የሚለውን መስመር በጣቱ አሳየኝ። ባዶ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ሰውየው ተመልሶ መጣ። «የትናንቱ ዊንግ አነሰኝ» አለ። እኔም የመሰለኝ እንደዚያ ነው። ነፋስ ሲያንስ ዊንግ ማስተለቅ፣ ማንም ቀድሞ የሚያስበው ይህንን ነው። 7 ካሬ ሜትር ሰጠሁት። ቦርዱና ፎይሉ ያው የትናንቶቹ። ነፋሱ 9 ኖት። ከዳር እንዳይርቅ ለመንኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ታገለ፤ አንድ ጊዜም አልተነሣም። ዊንጉ ሰፊ ስለሆነ ጫፉ ውኃ ይነካል። በነካ ቁጥር ይይዘዋል፣ ሰውየውን ይጥለዋል። ክንዱ ከትናንቱ ይብስ ዛለ።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ 18 ኖት ወደ 9 ሲወርድ የሚቀረው ግማሽ ኃይል አይደለም፣ ሩብ ነው። ታሪፋ ላይ በ5 ካሬ ሜትር የሚያገኘውን ጉልበት በ9 ኖት ላግኝ ካለ 20 ካሬ ሜትር መያዝ ሊኖርበት ነው። ማን ይሸከመዋል? ይህ ጉድለት በዊንግ ብቻ አይሞላም። በትንሽ ጉልበት የሚነሣ ቦርድና ፎይል መፈለግ ነበረብኝ።

እዚህ ላይ ባሕር ዳር ትዝ አለችኝ። ያደግኩት እዚያ ነው። የጣና የደንገል ታንኳ ረጅምና ጠባብ ነው። አንድ ሰው ብቻውን እየቀዘፈ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ይመጣ ነበር። ያ ሁሉ ሸክም በአንድ ሰው ክንድ የሚንቀሳቀሰው በቅርጹ ነው፤ ታንኳው ውኃውን ሰንጥቆ ያልፋል። እኔ የሰጠሁት ቦርድ ርዝመቱ 1.60 ሜትር፣ ወርዱ 65 ሴንቲ ሜትር ነው። አፍንጫው ውኃውን እየገፋ ነበር የሚሄደው። ልጅ ሆኜ በየቀኑ ሳየው ያደግኩትን ነገር ሥራዬ ላይ ስረሳው በጣም ቆጨኝ። (ጣናን ካነሣሁ አይቀር፤ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ከዚህ በስድስተኛ ያህል ይሳሳል። አንድ ቀን እዚያ ዊንግ ፎይል ከተጀመረ፣ እንዲጀመርም እመኛለሁ፣ ዕቃው ከዚህ ተለቅ ማለት አለበት።)

ሱቃችን ጥግ ላይ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠይቁት ቦርድ ነበር። ርዝመቱ 2.30 ሜትር፣ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር፣ 125 ሊትር። በሦስተኛው ቀን እሱን አወጣሁ። ከሥሩ 1,900 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ፎይል ገጠምኩበት። የፎይሉ ስፋት ከእጥፍ በላይ ሲያድግ ለመነሣት የሚያስፈልገው ፍጥነት በሢሶ ያህል ይቀንሳል። ዊንጉን 6 ካሬ ሜትር አደረግኩት።

«ከትናንቱ ያነሰ?» አለኝ ሰውየው።

«አንድ ጊዜ ሞክርልኝ» አልኩት።

ቦርዱ ጠባብ ስለሆነ ይወዛወዛል። መጀመሪያ አምስት ጊዜ ያህል ወደቀ። ግን በወደቀ ቁጥር ቦርዱ ተንሳፍፎ ይጠብቀዋል፤ ወጥቶ ይንበረከክና ይቆማል። ትንሽ ከነፋሱ ጋር ወደ ታች እንዲወርድና ፍጥነት እንዲያጠራቅም ከዳር ሆኜ በእጄ አሳየሁት። ዊንጉን አራገበ። ቦርዱን በእግሩ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አደረገው። ቦርዱ መንሸራተት ጀመረ፣ ከዚያ አፍንጫው ቀና አለ፣ ከዚያ በረረ። መለኪያዋን አየሁ። 9 ኖት። ጋሼ ጀልባው ላይ ሆኖ አጨበጨበ። እኔ ዕንባዬ መጣ።

ትልቅ ፎይል ዋጋ ያስከፍላል፤ ይህንን ለደንበኛ አልደብቅም። ፍጥነቱ ውስን ነው። ማዞር ይከብዳል። ነፋሱ ድንገት ሲበረታ ወደ ላይ መግፋቱን አያቆምም፤ ክብደትን ወደ ፊት አድርጎ መጫን ይጠይቃል። መዝለልና መጠማዘዝ የሚወድ ሰው አይመርጠውም። እዚህ ግን ብዙ ቀን ነፋሱ ለስላሳ ነው፤ ዳር ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ መብረር ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሐበሻ ልጅ መጣች፣ ከለንደን ለዕረፍት። መጀመሪያ ክብደቷን ጠየቅኳት፤ 52 ኪሎ። ከዚያ ስንት ሰዓት እንደምትመለስ። ከዚያ የዚያን ሰዓት ትንበያ አብረን አየን። 10 ኖት ነበር፣ እየደከመ የሚሄድ። 75 ሊትር ቦርድ፣ 1,250 ፎይልና 5 ካሬ ሜትር ዊንግ አወጣሁላት። እሷ ግን ዓይኗ ረጅሙ ቦርድ ላይ ነው።

«ለምን ያንን አትሰጠኝም? ነፋሱ ትንሽ ነው አይደል?»

«ላንቺ ትንሽ አይደለም እኅቴ።»

ቦርዱን ተሸክማ ወረደች። ጋሼ ጀልባው ላይ ሆኖ አያትና ወደኔ ጮኸ።

«ስንት ኪሎ ናት?»

«52!» አልኩት።