ያልተዘጋችው መስኮት

ሥራዬ ኮሎራዶ ውስጥ፣ በዴንቨር ዙሪያ ቤት ለቤት እየዞርኩ የራዶን ጋዝ መለካት ነው። ራዶን አፈርና ዓለት ውስጥ ካለው ዩራኒየም ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። በወለል ስንጥቅና በቧንቧ ዙሪያ ሾልኮ እየገባ፣ እኛ ቤዝመንት በምንለው ምድር ቤት ይጠራቀማል።

በጥር ወር ከዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ልጃቸው ሌሊት ታክሲ እየነዳ ያድራል፤ ቀን ምድር ቤት ይተኛል። ከሰል ያለባትን ትንሽ የመለኪያ ቆርቆሮ አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩ። ልኬቱ ከመጀመሩ በፊት ቤቱ ለ12 ሰዓታት ያህል ተዘግቶ መቆየት፣ ልኬቱ እስኪያልቅም መስኮት አለመከፈት አለበት። ይህን የሚገልጸውን የእንግሊዝኛ ወረቀት ሰጠኋቸው፤ ፈረሙልኝ።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ የቡናና የዕጣን ሽታ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። ከአልጋው በላይ ያለችው ጠባብ መስኮት አንድ ስንዝር ያህል ተከፍታለች፤ መጋረጃዋ ይወዛወዛል። አየሁ። “አሁን ለጭሱ ብለው ነው የከፈቱት” ብዬ ራሴን አሳመንኩና ቅጹ ላይ “ተዘግቶ ቆይቷል” በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ውጤቱ 2.6 ፒኮኪዩሪ በሊትር ሆነ፤ ራዶን በአየር ውስጥ የሚለካበት አሃድ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ቤቱ ይስተካከል የሚለው ከ4 ጀምሮ ነው። ደውዬ ስነግራቸው መረቁኝ። ምርቃቱ ግን እንቅልፍ ነሣኝ፤ ያቺ አንድ ስንዝር ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

በሳምንቱ ሄጄ ጠየቅኋቸው።

“ልጄ፣ ዕጣን ሳጨስ ልጁ እንዳይታፈን ሁልጊዜ እከፍታታለሁ። ወረቀቱንማ አንተ ስለሰጠኸኝ ፈረምኩ እንጂ ምን እንደሚል መች አወቅሁት?”

በአማርኛ መናገር እየቻልኩ ወረቀት አቀብዬ የወጣሁት እኔ ነኝ። ለአለቃዬ ያደረግሁትን ነገርኩት፤ ልኬቱ ተሰረዘ። በየሰዓቱ የሚመዘግብ መሣሪያ ይዤ ተመለስኩ፤ ቁጭ ብዬም አንድ በአንድ አስረዳሁ። አማካዩ 11.8 መጣ። በብርድ ጊዜ ቤት ውስጥ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሥር የአፈሩን አየር ይስባል፤ ስለዚህ ቤቱ በተዘጋ ቁጥር ጋዙ ይበረታል።

“ታዲያ መስኮቱን ከፍተን ብንኖርስ?” አሉኝ።

“እስከተከፈተ ድረስ ይቀንሳል፤ ሲዘጉት ግን በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። በዚህ ብርድ ደግሞ እንዴት ከፍተው ያድራሉ?”

ልጁ ሲጋራ እንደሚያጨስ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ክው አልኩ። ራዶን ሲፈርስ የሚፈጠሩት እንደ ፖሎኒየም ያሉ ቅንጣቶች ሳንባ ላይ ተጣብቀው ሕዋሱን በጨረር ይጎዳሉ። በአሜሪካ በዓመት ወደ 21,000 ሰው በራዶን ሳቢያ በሳንባ ካንሰር እንደሚሞት ኤጀንሲው ይገምታል። በሚያጨስ ሰው ላይ አደጋው እጅግ ይከፋል። ሳልም ሆነ ራስ ምታት አስቀድሞ አያስጠነቅቅም፤ ዳግም ሳልለካ ብተወው ኖሮ ልጁ እዚያው አልጋ ላይ ስንት ዓመት ይተኛ ነበር?

ሠራተኞች የምድር ቤቱን ሲሚንቶ ወለል በስተው ቱቦ አስገቡ፤ ከሥር ያለውን አየር እየሳበ ከጣሪያ በላይ የሚያወጣ ማራገቢያም ገጠሙለት። ስንጥቁን ደፈኑ። እንደገና ስለካ 1.2 ሆነ።

ቱቦው ላይ ቀይ ፈሳሽ ያለባት፣ እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈች፣ ውስጧ የሚታይ ትንሽ ቀጭን ቱቦ አለች። ፈሳሹ በአንድ ወገን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ካለ ማራገቢያው እየሳበ ነው፤ እኩል ከሆነ ቆሟል ማለት ነው። ይህንን በጣቴ እያሳየሁ ነገርኳቸው፤ መልሰው እንዲነግሩኝም ጠየቅኋቸው። ዛሬ ስደውልላቸው ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነግሩኝ እሱን ነው፦ “እኩል አልሆነም ልጄ፣ ተመስገን፤ ቀዩ አሁንም አንዱ ከአንዱ ይበልጣል።”