ደሴ ላይ ፊልም ከሰው ጋር ማየት

አንድን ፊልም ጥሩ ነው ወይም አይረባም ብዬ ከማን ጋር እንዳየሁት ካልተናገርኩ፣ ግማሹን ደብቄያለሁ ማለት ነው። ይህንን ያስተማረኝ ያለፈው ክረምት ነው። ደሴ ቤታችን ውስጥ እናቴ፣ አጎቴ፣ እህቴና ልጆቿ፣ አልፎ አልፎም ጎረቤታችን ሀጂ ሆነን ፊልም ማየት ጀመርን። ድሮ ብቻዬን በስልክ ያየኋቸው ፊልሞች ሳይቀሩ ከእነሱ ጋር ሳያቸው ሌላ ሆኑብኝ። መጀመሪያ አሰናዳዱን፣ ከዚያ ስለ ፊልሞቹ የሚሰማኝን ላውጋችሁ።

የደሴን ክረምት የቀመሰ ያውቀዋል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ከሸፈነ በኋላ የሚያስወጣ ጉዳይ የለም። ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባና ሁሉም በየስልኩ ላይ ይደፋል። ይህ ነገር ከነከነኝ። አንድ ጓደኛዬ ያገለገለ ፕሮጀክተር ሊሸጥ ሲል ቀድሜ ወሰድኩት።

ግድግዳችን አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው፤ የሁሉም ተዋናይ ፊት የታመመ ይመስላል። ስለዚህ አቡጀዲ ገዛሁ። አቡጀዲ ደግሞ ይጨማደዳል። የታችኛውን ጠርዝ አጥፌ ሰፋሁና የመጋረጃ ዘንግ አስገባሁበት። በዘንጉ ክብደት ቀጥ አለ። ከላይ በምስማር ወጥሬ፣ ከመስቀሌ በፊት ትንሽ ውሃ ረጨት ሳደርግበት ጭራሽ እንደ ሰሌዳ ሆነ። ርካሽ ፕሮጀክተር ብርሃን አይችልም፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ መጋረድ አለበት።

ምስሉ ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው ድምፁ ነው። ቤታችን ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ መውረድ ሲጀምር ተዋናዩ አፉን ሲያንቀሳቅስ ብቻ ታያለህ። ድምፁን ከፍ ብታደርገው ይንጫጫል እንጂ አይሰማም። ብዙ ከሞከርኩ በኋላ የሠራው ነገር ስፒከሩን ከፕሮጀክተሩ አጠገብ አንስቶ ከአቡጀዲው ሥር፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ማድረግ ነበር። ድምፁ ከሰዎቹ አፍ የሚወጣ ስለሚመስል ሽማግሌዎቹም ሳይቸገሩ ይከታተላሉ። ዝናቡ ካየለ ግን እስኪያባራ መጠበቅ ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

ቡናውን ወደ መጨረሻ አዛወርነው። ይሄ የእናቴ ሐሳብ ነው። ሲኒ እየተንኳኳ፣ እጣን እየጨሰ፣ «ስኳር አቀብለኝ» እየተባለ ፊልም አይታይም። ፊልሙ ሲያልቅ ቡናው ይቆላል፣ አቦሉ እስኪደርስ ወሬው ይጦፋል፣ በረካ ላይ ስንደርስ ፊልሙ እንደገና ተሠርቶ ያልቃል። ማታ ቡና እንዴት ትጠጣላችሁ ለሚል፣ ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ አይደለም። ሰዓቱን የምንቆርጠው ሀጂ ኢሻ ሰግደው ሲመጡ ነው። ፊልሙን ደግሞ በሌሊት ፓኬጅ አስቀድሜ አውርጄ ብቻዬን አየዋለሁ። ሀጂና ሕፃናት በተቀመጡበት አንገት የሚያስደፋ ነገር ድንገት ብቅ ካለ ሁለተኛ የሚመጣ የለም።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን ዋና ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ያገኘ ፊልም ነው። ጀርመን ተምሮ፣ በደርግ ዘመን አገሩ ገብቶ፣ በመጨረሻ አንድ እግሩን አጥቶ እናቱ መንደር የሚመለሰው የአንበርብር ታሪክ ነው። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ከመንደሩ ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳል። በስልክ ሳየው ይህ መመላለስ ነበር የማረከኝ። አጎቴን ግን አደከመው። «አሁን የት ነው ያለው?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ ሥርዓት አወጣሁ። ጊዜ የሚያመላልስ ፊልም ከሆነ ሳይጀመር ታሪኩን ባጭሩ እነግራቸዋለሁ፤ መጨረሻውንም ጭምር። ፊልሙን አበላሸህባቸው የሚሉኝ አሉ። እንደኔ እንደኔ አልተበላሸም። ምን እንደሚሆን ካወቁ በኋላ ዓይናቸው እንዴት እንደሚሆን ላይ ያርፋል።

«ጤዛ» ውስጥ የመንደሩ ወጣቶች ከደርግ አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። እዚህ ላይ አጎቴ «አቁመው» አለኝ። አቆምኩት። እሱም በዚያ ዘመን ከአፈሳ ሲሸሽ እንደኖረ ይታወቃል፤ ዝርዝሩን ግን እኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቀን ቀን ገደል ሥር፣ ማታ ማታ የዘመድ ቤት ቆጥ ላይ ያድር እንደነበር፣ ውሻ ሲጮህ ምን ይሰማው እንደነበር ነገረን። «ርሃቡን ትችለዋለህ፤ ሳል ከያዘህ ግን አለቀልህ» አለ። የእህቴ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። ፊልሙን ስንቀጥል ዋሻው ውስጥ ያሉት ልጆች ሥጋ ለብሰው ነበር።

የእናቴ አስተያየት ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። «ልጁ ያየውን ሁሉ አየንለት። እናቱ ስንት ዓመት ደጅ ደጁን ስታይ የኖረችውስ?» አለች። ልክ ናት። አሁን «ጤዛ»ን ሳስብ ከአንበርብር ይልቅ የእናቱ ፊት ነው የሚመጣብኝ።

የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» ያከራከረንን ያህል ሌላ ፊልም አላከራከረንም። በአበራሽ በቀለ እውነተኛ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። የተጠለፈች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድላለች። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናት፤ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ማለት ነው። እሷን ሆና የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ናት። ልጆቹን አስተኝተን ነው ያየነው።

እኔን የገዛኝ የፍርድ ቤቱ ክርክር ሳይሆን የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው። ወንዶች ተቀምጠው ስለ ልጅቷ ዕጣ ይመክራሉ፤ እሷ የለችም። ማንም ክፉ ሆኖ አልተሣለም። በእርጋታ፣ በወግ በወጉ ነው የሚናገሩት። የሚያስፈራውም እሱ ነው። ሀጂ ዝም ብለው ካዩ በኋላ ቡናው ላይ ተነፈሱ። «ወላሂ፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው ደም ለማድረቅ ነው። እኛ ዘንድ አበጋር ሲቀመጥ የተበዳይ ወገን ሳይሰማ አይነሣም» አሉ። አበጋር የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ ነው። እህቴ በአክብሮት ግን ሳታመነታ፣ «ሀጂ፣ ወገኗ ይሰማ ይሆናል። እሷ ራሷስ ትሰማለች?» አለቻቸው። ሀጂ ሲኒያቸውን አስቀምጠው አሰቡ። «ይሄንን ልትጠይቂ ይገባል፣ ልጄ» አሏት። እኔ ከእህቴ ጋር ነኝ። ለአበጋር ያለኝ ክብር ትልቅ ነው፤ ወሎ ውስጥ ስንት ቂም አብርዷል። ያም ሆኖ የሴት ልጅ ጉዳይ ሴት ልጅ ባልተቀመጠችበት ማለቁ ያንገበግበኛል። ፊልሙም ይህንን ሳይጮህ ነው የሚናገረው።

ለልጆቹ የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» አሳየኋቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል በይፋ ከተመረጡ ፊልሞች ጋር የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ በጉን ከመታረድ ለማዳን ይጥራል፣ ለመንገዱ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ሳምቡሳ ሠርቶ ይሸጣል፣ አጎቱ ደግሞ ወንድ ልጅ ምን ጓዳ አስገባው ብሎ ይቆጣል። ፊልሙ ቀስ ይላል። ልጆቹ ይሰላቻሉ ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ንቅንቅ አላሉም። ትልቁ ልጅ በማግስቱ ሊጥ ዳምጦ የምስር ሳምቡሳ ካልጠበስኩ አለ። ዘይት ያለው መጥበሻ ስለሆነ አብሬው ቆምኩ። ማንም «የሴት ሥራ ነው» አላለውም።

አንዱን ፊልም ግን ለማሳየት ብዙ አቅማማሁ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ለዓለም ያሳየው የወሎ ረሃብ ዘጋቢ ፊልም ነው። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች። ሳልጠይቃት ልጀምረው አልፈለግሁም። ስጠይቃት «አሳየኝ» አለች። ሁለታችን ብቻ፣ በላፕቶፕ አየነው። አቡጀዲው ላይ አላወጣሁትም፤ እነዚያን ፊቶች አግዝፎ ማየት ልክ አልመሰለኝም። እናቴ አላለቀሰችም። «የማን ልጅ እንደሆነ ፊልም ቀራጺው ጠይቆ ይሆን?» አለች። ሰው በስሙና በአባቱ ስም የሚታወቅበት አገር ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ የረሃብ ምስል ባየሁ ቁጥር ይህ ጥያቄዋ ይመጣብኛል።

ይኸው ፊልም ሌላም ነገር አስተምሮኛል። ደርግ ንጉሡን ከማውረዱ በፊት በነበረው ምሽት፣ መስከረም 1 ቀን 1967፣ ይህንኑ የረሃብ ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ ቆርጦ በቴሌቪዥን አሳየው። የተራበ ልጅ፣ ቀጥሎ የተቆረሰ ኬክ። ረሃቡ እውነት ነው፣ ግብዣውም እውነት ነው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሦስተኛ ነገር ይወልዳሉ፤ መንግሥት ለመጣልም አገዙ። የፊልም ቅንብር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። ለእህቴ ትልቅ ልጅ ምስሉን ሳላሳየው ነገርኩት። አሁን ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ሲያይ «ይሄ ከምን ጋር ነው የተቀጠለው?» ብሎ ይጠይቃል።

ሲኒማ ቤት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ደሴ አዳራሽ ገብቼ አንድ አዲስ የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲ አየሁ። ታሪኩ ስስ ነው። ሀብታም ልጅ፣ ድሃ ልጅ፣ አለመግባባት፣ ሠርግ። ቤት ብሆን አልጨርሰውም ነበር። አዳራሽ ውስጥ ግን ሕዝቡ ነው ፊልሙን የሠራው። ተዋናዩ ሲዋሽ ከኋላ «ኧረ ተው!» ይሉታል፣ እናትየዋ ስትቆጣ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። ኮሜዲ ከሆነ አዳራሽ ግቡ፣ ብቻችሁን አትዩት። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ሐዘን በመጣ ቁጥር ያው የፒያኖ ትዝታ ይለቀቃል። የትዝታን ቅኝት እወዳለሁ። ግን ባቲ አለ፣ አምባሰል አለ፣ አንቺ ሆዬ አለ። አምባሰል ውስጥ ያለውን ጀግንነትና ቁጭት ለአንድ ትዕይንት የሚያውል የፊልም ባለሙያ ቢመጣ ወረፋ ይዤ እገባለሁ።

ለዚህ ነው አዲስ አበባ ለጉዳይ ሄጄ ያየሁት የራያን ኩግለር «ሲነርስ» ያስደነቀኝ። እ.ኤ.አ. በ1932 አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ የሚሆን፣ ደም መጣጮች ያሉበት አስፈሪ ፊልም ነው። ማይክል ቢ ጆርዳን መንታ ወንድማማቾችን ሆኖ ይጫወታል። ደም መጣጮቹ አልያዙኝም፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ተኩሱና ጩኸቱ በዛብኝ። የያዘኝ የሰባኪው ልጅ ጊታሩን የሚመታበት ቦታ ነው። ሲዘፍን ከእሱ በፊት የነበሩትና ከእሱ በኋላ የሚመጡት ሙዚቀኞች አንድ ላይ ጭፈራው መሃል ይገባሉ። የአፍሪካ ከበሮ መቺ ከዘመኑ ዲጄ ጎን ይቆማል። ድምፁ ደረትህን ይመታል። ይህንን ስልክ ላይ ማየት ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው። ትልቅ ስክሪንና ትልቅ ድምፅ የሚፈልግ ፊልም ካለ፣ ተጠብቆም ቢሆን ሲኒማ ቤት መታየት አለበት።

ስመለስ ለሀጂ ተረኩላቸው። ደም መጣጮቹን ቆርጬ ጣልኩና ሙዚቃውን ብቻ። «መንዙማ ላይ ድቤው ሲሞቅ እንዲሁ ነው» አሉ። «የሞቱት አባቶችም እዚያው ያሉ ይመስልሃል። ፈረንጆቹ ይሄንን በምን አወቁት?» የሠሩት ጥቁር አሜሪካውያን መሆናቸውን ስነግራቸው «እንዲያ በለኝ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥሎ ያሰብኩት የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ ለባለመሬት የሚገብር የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ታሪክ። ረጅም ነው፣ ንግግሩም ጥቂት ነው። ጢሰኝነትን በዓይናቸው ያዩት አጎቴና ሀጂ ካልኖሩ ማየት አልፈልግም። አጎቴ እሺ ብሏል። ሀጂ ግን ቀኑ ቅዳሜ እንዳይሆን ጠይቀዋል፤ ቅዳሜ ሰዉ ከገበያ ደክሞ ስለሚመጣ፣ እንቅልፍ ሳይጥለን ሐሙስ ማታ እንየው ብለዋል።