ለሁሉም ጥቂት፣ ለጥቂቶች ብዙ

በምሠራበት ድርጅት የሠራተኞችን ከፍተኛ የደም ግፊት ለመከላከል ዕቅድ እንዳወጣ ስጠየቅ፣ አስተዳደሩ በልቡ የወሰነው ነገር ነበር፤ ሁሉም ይለካ፣ ግፊቱ ከፍ ያለው ይለይ፣ የተለየው ክትትል ይደረግለት። በጀቱም የተሰፋው በዚሁ ልክ ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ለአደጋ የተጋለጠው ሰው በስሙ ሲታወቅ ሐኪሙም እርሱም ለምን እንደሚደክሙ ያውቃሉ። እኔ ግን ልኬቱ አልቆ ቁጥሮቹ እጄ ሲገቡ፣ የስም ዝርዝር ከማውጣቴ በፊት ሁሉንም በአንድ ግራፍ ላይ ደረደርኳቸው።

የወጣው ቅርጽ ጉብታ ነው። አብዛኛው ሰው መሐል ላይ ተከማችቷል፣ በቀኝ በኩል እየሳሳ የሚሄድ ጫፍ አለ። ከፍተኛ የደም ግፊት ይጀምርበታል የሚባለው የ140/90 ወሰን ያንን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ አደጋው ግን ከወሰኑ ላይ አይጀምርም። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ትንተና እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 በሆኑ ሰዎች ላይ የላይኛው ቁጥር ከ115 አንሥቶ በየ20ው ከፍ ባለ ቁጥር በስትሮክ የመሞት ዕድል ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። 130 የተለካ ሰው ስሙ ከክትትል ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ አደጋው ግን አለበት።

ለአስተዳደሩ ይህን ያስረዳሁት ለምሳሌ በተመረጡ ቁጥሮች ነው። 100 ሰዎች እያንዳንዳቸው 10 በመቶ የመታመም ዕድል ቢኖራቸው 10 ሰው ይታመማል። ሌሎች 2,000 ሰዎች ዕድላቸው 2 በመቶ ብቻ ቢሆን 40 ሰው ይታመማል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 100 ያለ አንዳች እንከን ብንከታተላቸው እንኳ ብዙው ሕመም ከዓይናችን ውጭ ይደርሳል። እንግሊዛዊው የኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታዎች ሥርጭት ጥናት) ሊቅ ጄፍሪ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1985 የለንደንን የመንግሥት ሠራተኞች የደም ግፊት ከኬንያ ዘላኖች ጋር ያነጻጸረው ለዚህ ነበር። በለንደን ከፍ ያለው ጥቂት ሰው ብቻ አልነበረም፤ ጉብታው እንዳለ ወደ ቀኝ ተገፍቷል። «ይህ ሰው ለምን ታመመ?» እና «ይህ ሕዝብ ለምን ይታመማል?» የተለያየ መልስ ያላቸው ሁለት ጥያቄዎች ናቸው።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። ከ180/110 በላይ የተገኘባቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ሄዱ፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ከዚያ በታች ሆነው ከ140/90 ወሰን ያለፉትን ግን በሌላ ቀን ደግመን ለካናቸው፤ የብዙዎቹም ቁጥር ያለ ምንም መድኃኒት ወረደ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሰዎችን በአንድ ቀን ከፍተኛ ልኬት ከመረጥካቸው በሁለተኛው ቀን በአማካይ ወደ መሐል ይመለሳሉ። ይህንን የማያውቅ ፕሮግራም የራሱ ሥራ ውጤት አድርጎ ሪፖርት ይጽፍበታል። እንዲህ ያለ ሪፖርት ብዙ አንብቤአለሁ።

ሁለተኛው ክፍል የመመገቢያ አዳራሹ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። የወጥ ቤቱ ኃላፊ በአንድ ጊዜ እንድንቀንስ አልፈለገችም፣ ልክም ነበረች፤ ምላስ የሚለምደው ቀስ በቀስ ሲቀነስ ነውና። መጀመሪያ ዳቦው ላይ፣ ቀጥሎ ሌላው ምግብ ላይ ጥቂት በጥቂት ቀነሰች፣ የጨው ዕቃዎቹም ከየጠረጴዛው ተነሡ። በራሪ ወረቀት አላሳተምኩም። ምክር በይበልጥ የሚጠቅመው ጊዜና አቅም ያለውን ነው፤ ከምጣዱ የተቀነሰ ጨው ግን የሌሊት ዘበኛውንም ሥራ አስኪያጁንም እኩል ያገኛቸዋል።

ሶዲየሙ በከፊል በፖታሲየም የተተካ ጨው እንጠቀም የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። በቻይና ገጠር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሰፊ ጥናት ይህ ጨው ስትሮክን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሆኖም ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ እንዲሁም ፖታሲየም የሚያስቀሩ የግፊት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው በዚያ ሊጎዳ ይችላል። በአንድ ወጥ ቤት ለሁሉም የሚቀርብ ምግብ እምቢ የማለት ዕድል ስለማይሰጥ ተውኩት። ለሁሉም የሚደረግ ነገር ለየአንዳንዱ የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ትንሽ ጉዳት እንኳ ሚዛኑን ይገለብጠዋል።

ለጅምላው ወገን ማድላቴ ግን ለሁሉም በሽታ አይሠራም። ፈንጣጣን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ በምሥራቅ ናይጄሪያ ክትባቱ ለሁሉም ሲያጥር፣ የአሜሪካዊው ሐኪም የዊሊያም ፌጊ ቡድን ታማሚውን ፈልጎ በዙሪያው ያሉትን ብቻ መከተብ ጀመረ፤ ስልቱ በኋላ የዓለም አቀፉ ዘመቻ ዋና መንገድ ሆነ። ፈንጣጣ ታማሚውን በገጹ ላይ ያሳውቃል፣ የሚተላለፍበትም መንገድ ይታወቃል። የደም ግፊት እንዲህ ዓይነት ምልክት የለውም።

አሁን አስተዳደሩ የሚጠይቀኝ «ስንት ሰው አዳንህ?» ብሎ ነው። በክትትል ላይ ያሉትን መቁጠር እችላለሁ፤ በጨው ቅነሳው ከስትሮክ የተረፈውን ግን ራሱም አያውቀውም። ስለዚህ የማቀርበው የመላውን ሠራተኛ አማካይ ነው፤ ብርድ ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ በዓመቱ ተመሳሳይ ወቅት፣ በተመሳሳይ መሣሪያ፣ ሰውየው አምስት ደቂቃ አርፎ ከተቀመጠ በኋላ የተለካ።