ሞተሪኖው እየዞረ አልነሳ ያለ የጀልባ ሞተር

ነዳጅ በኢንጀክተር የሚረጭለት የጀልባ ሞተር አልነሳ ሲል ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠውን ክፍል) መፍታት ይጀምራል። እኔ ግን ፍተሻውን ከባትሪው መጀመርን እመርጣለሁ። ካርቡራተር (ነዳጅን ያለ ኮምፒውተር ከአየር ጋር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው ትንሽ ሞተር ባትሪው ቢደክምም እንኳ በገመድ ተስቦ ሊነሳ ይችላል፤ በአብዛኞቹ ባለ ኢንጀክተር ሞተሮች ላይ ግን የነዳጅ ፓምፑም፣ ኢንጀክተሮቹም፣ ብልጭታውም፣ እነዚህን ሁሉ የሚያዘው ኮምፒውተርም የሚሠሩት ከባትሪው በሚያገኙት ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ቮልቴጅ ሲጎድል የሚታየው ምልክት ከነዳጅ እጥረት ጋር በቀላሉ ይምታታል።

በደንብ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ምንም ሳይሠራ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ይህ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። የሚጠቅመው መለኪያውን ባትሪው ላይ እንዳደረጉ ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር ማድረግና ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ሲዞር ቮልቴጁ እስከ ስንት እንደሚወርድ ማየት ነው። ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ሞተሪኖው እየጎተተም ቢሆን ሊዞር ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሥራውን ሊያቋርጥ ስለሚችል ሞተሩ ብልጭታም ነዳጅም አያገኝም። ባትሪው ደህና ሆኖ ሳለ ይህ ችግር ከታየ ደግሞ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በእርጥበትና በጨው በዛገ ማያያዣ ላይ ነው። ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍና በሞተሩ አካል መካከል ሲለካ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ያንን ገመድ ፈትቶ ጫፎቹን ማጽዳት ወይም መለወጥ ያስፈልጋል።

ሞተሪኖው ጨርሶ ካልዞረ ማርሹ በትክክል ዜሮ ላይ መሆኑን ማየት ይቀድማል። ነጂው ላይ የሚታሰረው የአደጋ ጊዜ ማጥፊያ ገመድ ግን ያሳስታል፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ገመዱ ከቦታው ሲወጣ ሞተሪኖው እንደ ወትሮው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም።

ኤሌክትሪኩ ከተረጋገጠ በኋላ ጆሮ ከመሣሪያ ይቀድማል። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ወደ ማብሪያው ቦታ ብቻ ሲዞር የነዳጅ ፓምፑ በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ለሁለት ሰከንድ ያህል እየነዘረ ይሠራና ይቆማል። ድምፁ ከሌለ ፊውዙን ማየት፣ ከዚያም የፓምፑን ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) አጠገቡ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር አቀያይሮ መሞከር ነው። ድምፁ መኖሩ ግን ግፊት አለ ማለት አይደለም፤ ፓምፑ ባዶውንም ይዞራል። ስለዚህ የነዳጅ መስመሩ ላይ የግፊት መለኪያ ገጥሞ ንባቡን ከሞተሩ የጥገና መመሪያ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ አንዱ ሞተር የሚፈልገው ግፊት ለሌላው አይሆንምና። መስመሩ ከመፈታቱ በፊት ግፊቱ መለቀቅ፣ የሚፈሰውም ቤንዚን በጨርቅ መያዝ አለበት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ወለል ሥር ይተኛል፤ ሞተሩ ጀልባው ውስጥ ከሆነ ከማስነሳቱ በፊት አየር ማውጫውን ቢያንስ ለ4 ደቂቃ ማሠራት የግድ ነው።

ግፊቱ ካነሰ ወደ ኋላ፣ ወደ ታንከሩ መሄድ ነው። በእጅ የሚጨመቀው የጎማ ፓምፕ ተጨፍልቆ ከቀረ ከእሱ በፊት ያለው መስመር ተዘግቷል፤ ብዙ ጊዜም የታንከሩ የአየር መተንፈሻ ነው። ውኃ ከተጠረጠረ ፊልትሮው ውስጥ ያለውን ነዳጅ በሚያሳይ ብርጭቆ ቀድቶ ጥቂት ማስቀመጥ ይበቃል፤ ውኃው ከሥር ይዘቅጣል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ግን እርጥበት ስቦ ይይዛል፤ መጠኑ ሲበዛ ኢታኖሉና ውኃው አብረው ተለይተው ወደ ታች ስለሚወርዱ እንዲህ ያለውን ነዳጅ ከማዳን ይልቅ ማስወገድ ይሻላል።

በብርድ የሚነሳና ከሠራ በኋላ ጠፍቶ አልነሳ የሚል ሞተር ሌላ ነገር ይናገራል። በሞተሩ ሙቀት መስመሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ተንኖ ከሆነ፣ ቁልፉን ደጋግሞ ማብራትና ማጥፋት ፓምፑ ቀዝቃዛ ነዳጅ እንዲገፋ ያደርገዋል። ይህ ካልረዳና ሞተሪኖው ሲዞር የዙር መቁጠሪያው መርፌ ከዜሮ ንቅንቅ ካላለ እኔ የምጠረጥረው የክራንክ ሴንሰሩን (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን) ነው፤ ሲሞቅ ምልክት መስጠት የሚያቆም፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ሴንሰር ብዙ ደህና ፓምፕ ያስለውጣል። በሌላ በኩል ሞተሩ በነዳጅ ታፍኖ ከሆነ፣ በብዙ ሞዴሎች ላይ በዜሮ ማርሽ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሲዞር ኮምፒውተሩ መርጨቱን ያቆማል። የባለ ካርቡራተር ልማድ የሆነው ነዳጅ መስጫውን ደጋግሞ መምታት እዚህ ፋይዳ የለውም።

በእነዚህ ሙከራዎች መካከል ሞተሪኖውን ከ10 ሰከንድ በላይ ሳያቋርጡ ማዞር አይገባም፤ መቀዝቀዣ ጊዜም ሊሰጠው ይገባል። ጀልባው ውስጥ በተተከለ ሞተር ላይ ደግሞ ተጨማሪ ስጋት አለ። ሞተሩ ባይነሳም በዞረ ቁጥር የውኃ ፓምፑ ውኃ ወደ ጭስ ማውጫው ይገፋል፣ የሚያስወጣው የጭስ ግፊት ግን ስለሌለ ውኃው ተጠራቅሞ ወደ ሲሊንደሮቹ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ሙከራው ከረዘመ የውኃ ማስገቢያውን ቧንቧ መዝጋት፣ ሞተሩ እንደተነሳ ደግሞ የፓምፑ ጎማ በደረቁ ሳይቃጠል ወዲያው መክፈት ያስፈልጋል።