በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ አለመከሰስ

በማቻከል ሁለት ጎረቤታሞች በማሳ ድንበር ተጣልተው አንደኛው በዱላ ቆስሏል እንበል። ደብረ ማርቆስ ላይ የተከሰሰው ገበሬ ተከራክሮ በነፃ ከተሰናበተና ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ፣ በዚያው ወንጀል ዳግም ሊከሰስ አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 ይህን በግልጽ ይከለክላል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞታል።

«የመጨረሻ» የሚለው ቃል ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነው። ዐቃቤ ሕግ በነፃ በተለቀቀ ሰው ላይ ይግባኝ የማለት መብት ስላለው፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤቱን ፍርድ መርምሮ ቢሽረው፣ ያው ክርክር ቀጠለ እንጂ ተከሳሹ ሁለተኛ ተከሰሰ አይባልም። ተበዳዩ የሚያቀርበው የካሣ ጥያቄም የፍትሐ ብሔር ጉዳይ በመሆኑ በዚህ ክልከላ አይታገድም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መቃወሚያው የሚቀርብበት ጊዜ ነው። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 130 መሠረት፣ ተከሳሹ ክሱ እንደተነበበለት «በዚህ ጉዳይ አስቀድሞ ተፈርዶልኛል» ወይም «ተፈርዶብኛል» ብሎ መቃወም አለበት። ጠበቃ የሌለው ገበሬ ይህን ከየት ያውቃል? ዳኛው ራሱ፣ ገበሬው በሚገባው ቋንቋ ሊጠይቀው፣ የቀድሞው መዝገብም እንዲቀርብ ሊያዝዝ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የፍርዱን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት አስገልብጣችሁ፣ ማኅተም መኖሩን አይታችሁ፣ ቤታችሁ አስቀምጡ።