አለቃ መጨረሻ ይናገር

በድርጅታችን የሥራ አመራር ስብሰባ ላይ ዋና ሥራ አስኪያጁ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚናገረው በዕድሜም በሥልጣንም ከሁሉ የሚያንሰው ሰው ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። የሥራ ቦታ ሥነ ልቦና ተምሬ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ስሠራ ብዙ ነገር ሞክሬአለሁ። እንደዚህ የጠቀመን ግን የለም።

የምንሠራው የግንባታ ዕቃ ማስመጣት ነው። ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ የቧንቧ ዕቃ። ዶላር ይጠፋል። ዕቃ ጅቡቲ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ይያዛል። ደላላ ደውሎ "አሁኑኑ ካልወሰናችሁ ለሌላ ልሰጠው ነው" ይላል። አለቆቻችን ትልልቅ ውሳኔ የሚወስኑት ተረጋግተው ቁጭ ብለው አይደለም፤ በአንድ ጆሮ ስልክ ይዘው፣ በሌላው የፋይናንስ ኃላፊዋን እየሰሙ ነው።

እኔ ከመቀጠሬ በፊት አንድ አማካሪ መጥቶ ሰው ሳያውቀው ፍርዱን ስለሚያዛባው የአእምሮ አድልዎ (ባያስ) ሥልጠና ሰጥቶ ነበር አሉ። ሥልጠናው ጥሩ ነበር፣ ምሳውም አሪፍ ነበር ይላሉ። ከዚያ የተረፈው ግን አንዱ ሌላውን "አንተ ባያስ አለብህ" ብሎ አፍ ማስያዝ ብቻ ነው። አይገርመኝም። በዚሁ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ሽልማት የወሰደው ዳንኤል ካህነማን እንኳ፣ ያን ሁሉ ዓመት አጥንቶ የራሱ ፍርድ እምብዛም እንዳልተሻሻለ ይናገር ነበር። እሱ ካልቻለ የእኛ ሽያጭ ኃላፊ በአንድ ቀን ሥልጠና ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ የሰዎቹን ጭንቅላት ትቼ ስብሰባውን ለማስተካከል ተነሣሁ።

ድርጅት ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ ባሪ ስታው የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ጽፏል። ሥልጣን ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ የሚሰማው ሐሳብ ይጠባል፣ ሰዉም የለመደውን ይደግማል። እኛ ቤት ይህን ለማየት ጥናት አያስፈልግም። ነገር ሲከር የሥራ አስኪያጁ በር ይዘጋል። ውስጥ የሚገቡት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም የሚስማሙት። ዕቃውን በእጁ የሚነካው፣ ደንበኛውን በአካል የሚያውቀው ሰው ኮሪደር ላይ ቆሞ "ምን ተባለ?" ብሎ ይጠብቃል።

ሥራ አስኪያጃችን የድርጅቱ መሥራችም ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ደፈር ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ሐሳብዎን ከተናገሩ በኋላ የሚቃወም ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል?"

"ካልተቃወሙ ተስማምተዋል ማለት ነዋ!"

"ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ እየተባለ ያደገ ሰው እኮ ነው ክፍሉን የሞላው።"

ሳቁ፤ ግን ንቅንቅ አላሉም። የፕሬዚዳንት ኬኔዲን ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ኩባ ላይ የተሞከረው ወረራ ከከሸፈባቸው በኋላ፣ በ1962 የሚሳኤሉ ቀውስ ሲመጣ አማካሪዎቻቸው በነፃነት እንዲከራከሩ ብለው ከአንዳንድ ስብሰባዎች ሆን ብለው ይቀሩ ነበር። "እሱ አሜሪካ ነው" አሉኝ። "እዚህ እኔ ከቀረሁ ስብሰባውም አብሮ ይቀራል።"

ያሸነፍኳቸው በጎንደር ነው። ጋሼ ጎንደሬ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር በነበረበት ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ምክር እንዴት እንደሚካሄድ ጽፏል። ድምፅ መስጠት የሚጀምረው በማዕረግ ዝቅተኛው ነው። ትልልቆቹ ቀጥለው ይሰጣሉ። የንጉሡ ቃል በመጨረሻ ቃለ ዐፄ በሚባለው ሹም በኩል ይነገራል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና "የእኛው ነገር ነዋ!" አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ መጨረሻ ተናገሩ። ከምርምር ጽሑፍ ይልቅ የአገር ቤት ወግ የበለጠ እንደሚያሳምን ያየሁት ያኔ ነው። ሥነ ልቦና የተማርን ሰዎች ይህንን ቶሎ እንረሳዋለን።

ተራው ብቻውን አይበቃም ነበር። አንደኛው ከተናገረ ሁለተኛው ወደዚያው ያዘነብላል። ስለዚህ ከመነጋገር በፊት መጻፍ ጨመርን። ጥያቄው አንድ ብቻ ይሆናል። ሁሉም መልሱንና ምክንያቱን በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል። የእጅ ጽሑፍ ስለሚታወቅ ወረቀቶቹን ሰብስቤ፣ ቀላቅዬ፣ ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ጋሼ "አንቺ ልጅ፣ በስተርጅና ፈተና ልትፈትኚኝ ነው?" ይሉኝ ነበር።

እውነተኛው ፈተና ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ መጣ። ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። ዓርብ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57.48 ብር የነበረው ዶላር 74.73 ሆነ። ደንበኛው በድሮው ዋጋ ስጡኝ ይላል። የውጭ አቅራቢው ገንዘቤን ይላል። የሽያጭ ልጆች በር ላይ ቆመው "ስንት እንበል?" ይላሉ። ያኔ መንግሥት ያላግባብ ዋጋ ጨምረዋል የሚላቸውን ሱቆች ያሽግ ስለነበር፣ ያም ሌላ ፍርሃት ነው።

እኔ የጠየቅሁት "እስከ ነገ ጠዋት ባንወስን ምን እናጣለን?" ብዬ ነው። ሲታሰብ ብዙ አልነበረም። የሚያዋክበን የስልኩ ጩኸት ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የተወሰነው አንድ ቀን ብቻ የሚቆይ ነገር ነው፤ እስከ ማክሰኞ ጠዋት አዲስ ፕሮፎርማ አይወጣም። ይህ ቢያጠፋ እንኳ በማግስቱ ይቃናል። ይህችን ጥያቄ አሁንም ደላላ በደወለ ቁጥር እንጠቀምባታለን።

ከዚያ ስልክ ተዘግቶ ወረቀት ታደለ። "መጋዘን ያለውን ፌሮ ምን እናድርገው? ለምን?" አሥር ደቂቃ እስኪርቢቶ ብቻ ነው የሚሰማው። ሳነብበው ሐሳቡ ለሁለት የተከፈለ ነው። ገሚሱ ዋጋው እስኪለይ ሽያጭ ይቁም ይላል። ገሚሱ ዛሬውኑ ዋጋ ይጨመር። አንዱ ወረቀት ግን በተጣመመ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "ቀብድ ከፍለው ዕቃቸውን ያላነሱ ደንበኞች አሉ። ፌሮው ብዙው የእነሱ ነው። ሲመጡ ምን እንበላቸው?"

የጻፈው የመጋዘን ሠራተኛው ነው። ድሮ በሩ ሲዘጋ ኮሪደር ላይ ይቀር የነበረው ሰው። ክፍሉ ጭጭ አለ። ልንሸጠው ነው፣ ልናቆየው ነው እያልን የምንከራከርበት ፌሮ ብዙው የእኛ አልነበረም።

ጋሼ ተራቸው ሲደርስ "እኔ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ሆዴ ዕቃውን ያዙ ይለኛል" አሉ። ይህን ንግግር በቀላሉ መናቅ አይገባም። ካህነማንና የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጋሪ ክላይን እ.ኤ.አ. በ2009 አብረው የጻፉት ጽሑፍ እዚህ ጋ ይጠቅማል። የባለሙያ ስሜት የሚታመነው ነገሩ ተደጋግሞ የሚመጣ ከሆነና ሰውየው ውጤቱን ቶሎ እያየ የተማረበት ከሆነ ነው። ጋሼ ደንበኛን አይተው ብድር ይመልሳል አይመልስም ሲሉ እኔ አልከራከርም። ሺህ ጊዜ አይተውታል፣ ሺህ ጊዜም ተምረውበታል። ብር በአንድ ቀን እንዲህ ሲወርድ ግን ስንቴ አይተዋል? እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲወጣ ወጣት ነበሩ። ይህንኑ በለሆሳስ ነገርኳቸው። "እሱስ እውነትሽን ነው" አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ተኝተን ተነሥተን ተሰበሰብን። ቀብድ ለከፈለው በድሮው ዋጋ ይሰጥ የሚለው ላይ ቶሎ ተስማማን። የቀረው በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሸጥ፣ ዋጋው በየሰኞው ይታይ ተባለ። ከዚያ የክላይንን ሌላ ዘዴ አመጣሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ጽፎበታል። ውሳኔው ገና ሳይፈጸም ከሽፏል ብለህ ታስባለህ፤ ለምን እንደከሸፈ ትጽፋለህ። "እንበልና ስድስት ወር አለፈ፣ ከሰርን..." ብዬ ሳልጨርስ የፋይናንስ ኃላፊዋ "ኧረ በናትሽ አታሟርቺብን!" አለችኝ። ሁለት ሰዎች አማተቡ። እውነቷን ነው፤ እኛ አገር ክፉን ነገር በአፍ መጥራት ደስ አይልም። ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጥኩት። "መርካቶ ያሉ ተፎካካሪዎቻችን በዚህ ውሳኔ ቢያሙን ምን ብለው ነው የሚያሙን?"

እንዲህ ሲባል ማን ይሰስታል! ሐሜቱ ጎረፈ። "ዶላሩ ሲሮጥ እነሱ በሰኞ ስብሰባ ይሄዳሉ" አለ አንዱ። "ሸጠው ሸጠው መተኪያውን መግዣ አጡ" አለች ሌላዋ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከዚያ የተነሣ ሁለት መስመር አሠመርን። ዶላር በባንክ 90 ከገባ ሰኞን ሳንጠብቅ ዋጋ እንከልሳለን። 100 ከገባ ሽያጩን በግማሽ እንቀንሳለን። በወረቀት ጽፈን ፈረምን። ነሐሴ ሳያልቅ ዶላር 100 ብር ሲያልፍ ስብሰባ አልጠራንም፤ ወረቀቱን አውጥተን የተጻፈውን አደረግን። በተረጋጋ ሰዓት የተወሰነ ነገር በጭንቅ ሰዓት ክርክር አያስነሣም።

አተረፋችሁ ወይ? አልከሰርንም። ዕቃቸውን ይዘው የቆዩ አንዳንድ ነጋዴዎች ግን ከእኛ በላይ አተረፉ። ጋሼ ይህን ያነሣሉ፤ "ሆዴ ነግሮኝ ነበር" ይላሉ። ለዚህ መልሱ ስንወስን የምንይዘው የውሳኔ መዝገብ ነው። ያኔ የምናውቀው ምን ነበር፣ ምን ጠበቅን፣ ምን ያህል እርግጠኛ ነበርን የሚለው ተጽፏል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ባሩክ ፊሽሆፍ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳሳየው ሰው ውጤቱን ካወቀ በኋላ "ድሮም አውቄው ነበር" ይላል። መዝገቡን ስንገልጥ ሐምሌ ላይ ዶላር 100 ይገባል ብሎ በእርግጠኝነት የጻፈ አንድም ሰው የለም። ጋሼም ጭምር። እኔ ውሳኔውን የምመዝነው በዚያ ገጽ ነው እንጂ በኋላ በመጣው ትርፍ አይደለም። እሳቸው ግን ነጋዴ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም።

ያልተፈታው ችግር ቴሌግራም ነው። አለቃ መጨረሻ ይናገር ብለን ተስማምተን፣ ጋሼ ከስብሰባው በፊት ባለው ሌሊት ሐሳባቸውን በድምፅ መልእክት ግሩፑ ላይ ይለቁታል። ጠዋት ሁሉም ወረቀቱ ላይ ያንኑ ይጽፋል። ባለፈው ተነጋግረን፣ ውሳኔ የሚጠብቅ ጉዳይ ላይ ያለው የድምፅ መልእክት ለእኔ ብቻ እንዲላክ ተስማምተናል። አሁን ሌሊት ስልኬ ይጮሃል።